የእጅ ማርሽ

«ሁሉም ብሏል፤ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ» አሉ ጋሼ ሙሄ፣ ወደ ተውፊቅ ጆሮ ጠጋ ብለው።

ጋሼ ሙሄ ሹክ ሲሉ ጎረቤት ይሰማል። ሸራው ዳስ ሥር ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ግን ጨዋ ስለሆኑ፣ ያልሰሙ መስለው ሻያቸውን አማሰሉ። ተውፊቅ ቴርሞሱን አንስቶ ለአጎቱ ሞላላቸው።

«አንዲት ቃል ናት እኮ። ነገ ሰደቃው ላይ ሼኹ ባሉበት ተነስተህ ‹አባቴን አፉ ብዬዋለሁ› ትላለህ። በቃ።»

«አልልም፣ ጋሼ።»

«ለአንድ እግር ብለህ ወንድሜን መቃብሩ ውስጥ ታስጨንቀዋለህ?»

«ቂም አልያዝኩም።»

«ቂም ካልያዝክ ታዲያ ምን ይከለክልሃል?»

ተውፊቅ ይህን ሊያስረዳ አልሞከረም። አጎቱ ወንድማቸው ሞተ ቢባሉ ከደሴ በጭነት መኪና ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ጠዋት የደረሱ፣ ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦትና በለቅሶ የቀላ ሰው ናቸው። አሰብ ሌላ አገር ከሆነች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እሳቸው ግን ከዚያም በፊት ለስንት ዓመት አልመጡም። ስለ ወንድማቸው ቤት የሚያውቁት በሰው በሰው የሰሙትን ብቻ ነው፤ የሰሙትም «ዓሊዪ ልጁን በሞተር አሰናከለው» የሚለውን ነው።

ነገሩ የተጀመረው ትናንት፣ ቀብሩ ላይ ነው። ዓሊዪ ከወሎ ወጥቶ አሰብ ከከተመ ጀምሮ ሸቀጣ ሸቀጥ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነበር። የስኳር ጆንያ ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለችና እዚያው ሱቁ ውስጥ ቀረ። ጀናዛው ላይ ሼኹ እንደ ወጉ፣ የተበደለ ሁሉ ሟቹን ይቅር እንዲለው፣ «ሐቅ ያለው አፉ ይበለው» ብለው ሲጠይቁ አገር ምድሩ «አፉ ብለናል» አለ። ሱቁ ደጃፍ ላይ እያቆመ ሲጨቃጨቀው የኖረው ጋሪ ነጂ እንኳ ከሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር ያለው። ተውፊቅ ብቻ አባቱ ራስጌ ቆሞ ዝም አለ። አሰብ ደግሞ ዝምታ የሚደበቅባት ከተማ አይደለችም። ወሬው በመግሪብ የሴቶቹን ክፍል አዳርሶ ወደቡ ዘንድ ደረሰ።

እናቱ ነጂባ ከክፍሏ መጋረጃ ኋላ በእጇ ጠራችው። ሐዘኑ ከገባ ጀምሮ ዓይኗ ደርቋል፤ ይህም ሴቶቹን ያስፈራቸው ጀምሯል።

«የኔ ልጅ፣ አባትህ ጠባብ ቦታ ነው ያለው» አለችው በለሆሳስ። «ሐቅ ያለበት ሰው አያርፍም። ስለ እኔ ብለህ በላት።»

«እማ፣ አንቺም በደለኝ ብለሽ ታስቢያለሽ?»

ነጂባ ትሪው ላይ የነበሩትን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ ገለበጠቻቸውና መጋረጃውን ለቀቀችው። ከአጎቱ ቁጣ ይልቅ ይህ ከበደው። የእናቱን ፊት እያየ እምቢ ማለት ያማል። ቢሆንም ወደ ዳሱ ሲመለስ ሐሳቡ አንድ ነበር፤ ያቺን ቃል አይላትም።

*

ሞተሩ ወደ ቤታቸው ሲገባ ተውፊቅ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። በዚያን ጊዜ እሁድ እሁድ ፀሐይ ሳትበረታ የወደብ መካኒኮች፣ ጸሐፊዎችና የሾፌር ረዳቶች ከጨው ማምረቻው ወዲያ ያለው ሜዳ ላይ በሞተር ይሽቀዳደሙ ነበር። አሮጌ ጎማ ግማሽ በግማሽ እየቀበሩ መንገድ ያበጃሉ፤ መሀሉ ላይ አፈር ቆልለው ይዘሉበታል። ያሸነፈ አንድ ሳጥን ለስላሳ ይወስዳል፤ እሱንም ተሸናፊዎቹ ይጠጡበታል። ተውፊቅ በየሳምንቱ አቧራ ለብሶ ሲመለስ ነጂባ ቀበቶ ትፈልጋለች። ዓሊዪ ግን አንድ ቀን ከቁርጥራጭ ብረት ሻጮች የገዛትን ትንሽ ሞተር በእጅ ጋሪ አስጭኖ መጣ።

«ዳር ቆመህ የሰው አቧራ ከምትበላ ራስህ አቡንነው» አለው።

ዓሊዪ ራሱ ብስክሌት እንኳ ነድቶ አያውቅም። ሞተሯን ሱቁ ውስጥ በሩዝ ጆንያዎች መሀል ፈታታት፤ መልሶ ሲገጥማት ሁለት ብሎን ተረፈው፤ እንደገና ፈታት። ስኳር ሊገዛ የመጣ ሰው ግሪስ የነካው ከረጢት ይዞ ይሄዳል። ሰዉ ይስቅበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

ብዙም ሳይቆይ ቤቱ በሙሉ ሥራ ተከፋፈለ። ቀበቶ ስትፈልግ የነበረችው ነጂባ ከሸራና ከነጠላ ጫማ ጎማ የጉልበት መከላከያ ሰፋችለት፤ ከሁሉም ቀድማ ሜዳው ላይ የምትገኘውም እሷ ሆነች። እህቱ ፈይዛ ኩርባው ላይ ቆማ አሸዋው የላላበትን በሻሽ ታሳየዋለች። አዲስ አበባና አሰብ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ሾፌር ቸሩ ከመርካቶ ካንዴላና ሽቦ ያመጣል። የዓሊዪ ሥራ ነዳጅ መቅዳትና መፍራት ነበር። ልጁ የአፈሩ ቁልል ጋ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍንና የቸሩን ክንድ ጭምቅ አድርጎ ይይዛል።

«አለፈ?»

«አልፏል፣ ግለጥ።»

ተውፊቅ አሥራ አራት ዓመት የሞላው ዓመት፣ አንድ እሁድ፣ ቸሩ መልስ አልሰጠም። ከቁልሉ ሲወርድ የፊት ጎማው ተጠመዘዘና ሞተሯ ግራ እግሩ ላይ ወደቀች። የገፋው ሰው የለም፣ ያዘዘው ሰው የለም። የሚነዳ ሰው ይወድቃል፤ ወደቀ። አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ፤ ቁርጭምጭሚቱ መታጠፍ እምቢ አለ። ከተማው ፍርዱን ለመስጠት አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። ዓሊዪም ሰው ፊት ለፊት «አንተ ነህ ያሰናከልከው» ሲለው አንድም ቀን አልተከራከረም።

*

ከአሥር ሰላት በኋላ ቸሩ መጣ። መኪናውን ሰፈሩ ጫፍ ላይ አቁሞ፣ የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳያራግፍ ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ካለቀሰ በኋላ ምንጣፉ ላይ ከተውፊቅ አጠገብ ተቀመጠ።

«መርዶውን የሰማሁት ሚሌ ላይ ነው። እዚህ ከተማ ስገባ ደግሞ ሌላ ሰማሁ። አፉ አልልም አልክ አሉ።»

«አዎ።»

ቸሩ ጢሙን እየደባበሰ አሰበ። «የእጅ ማርሹን ነገር አጎትህ ያውቃሉ?»

«ማን ነግሯቸው።»

«አንተ ነህ የምትነግራቸው። ዝም ባልክ ቁጥር ጋሽ ዓሊዪን ነው የሚያሙት፤ ለአንተማ እያዘኑልህ ነው።»

ተውፊቅ ይህን አላሰበውም ነበር። ዝምታው አባቱን የሚጠብቅለት መስሎት ነበር። ለእሱ የተባለው እያንዳንዱ «አይ ምስኪን» ግን አባቱ ላይ የተወረወረ ወቀሳ መሆኑ አሁን ገባውና ፊቱ ጋለ።

ቸሩ ያነሳው ነገር የተወለደው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ዓሊዪ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ምንም ያልሆነውን አንሶላ ሲያስተካክል ቆየና «ተውፊቅ፣ አፉ ትለኛለህ?» አለው።

ልጁ ቃሉን በደንብ አልሰማውም። ሲያስበው የዋለው ሌላ ነገር ነበር። «አባ» አለ፣ «ማርሹን በእጅ ማድረግ አይቻልም?»

ዓሊዪ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ሲገልጠው እያለቀሰ ይስቅ ነበር። «ይቻላል፣ ለምን አይቻልም» አለ። ይቻል አይቻል ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ማርሽ የሚቀየረው በግራ እግር ነው፤ የተውፊቅ ግራ እግር ደግሞ ከእንግዲህ ለዚህ አይታዘዝም። ዓሊዪ ከበያጁ ጉግሳ ጋር ተማክሮ ከማርሹ መርገጫ ላይ ቀጭን ብረት አስበየደ፤ ብረቱን በነዳጅ ታንከሩ ጎን ወደ ላይ አውጥቶ ጫፉ ላይ የበር እጀታ አሰረበት። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ተሰብስቦ አደነቀ። ተውፊቅ ተቀመጠባት፣ ግራ እጁን ዘረጋ፣ ቆመ።

«አባ፣ ማርሽ ሲቀየር በዚህኛው እጄ ፍሪሲዮን ጨብጬ ነው።»

ጉግሳ ዓሊዪን አየ፤ ዓሊዪ ጉግሳን አየ። ስንት ቀን ሙሉ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ለሥራ የበዛበትን እጅ ሌላ ሥራ ሲያበጁለት ከርመዋል። ሳቁ መንገዱን ተሻግሮ ተሰማ። ዓሊዪ ግን ከሳቁ በኋላ ብረቱን አስቆርጦ እንደገና ጀመረ። ሦስት ወር ሙሉ እያስበየደና እያስነቀለ፣ በስተመጨረሻ እጀታውን ወደ ቀኝ አሻገረው። «ማርሽ ስትቀይር ነዳጁን ለቀቅ ታደርገዋለህ አይደል? ያቺን ጊዜ ቀኝ እጅህ ሥራ ፈት ናት» አለ፤ ይህን ያገኘው ሌሊት ተኝቶ እያለ መሆኑን ለሰው ሁሉ ሲናገር ሰነበተ።

በዚያች ሞተር ተውፊቅ ወደ ሜዳው ሲመለስ መጨረሻ ወጣ። ማርሽ በቀየረ ቁጥር ፍጥነት ይሞትበታል። ሌሎቹ ጨርሰው ለስላሳውን ከፍተው ነበር። ነጂባ ሊጥ አለብኝ ብላ ቤት ቀርታለች። ቸሩ ክንዱን እስኪጨመቅ ጠበቀ፤ ማንም አልያዘውም። ዞር ሲል ዓሊዪ እጁን ኋላ አጣምሮ፣ ዓይኑን ገልጦ ልጁ ቁልሉን ሲዘል ይመለከት ነበር። የተውፊቅ ሁለተኛ ልደት ያ ቀን ነው። በትምህርት ቤት ቢያነክስ፣ በወደብ ሥራ ሲፈልግ ከላይ እስከ ታች ቢያዩት፣ አንገቱን ደፍቶ የማያውቀው ከዚያ ቀን የተነሳ ነው።

*

በማግስቱ ሰደቃው ላይ ዳሱ ሞላ። ምግቡ ተነስቶ እጅ ከታጠበ በኋላ ሼኹ ለዱዓ ሲዘጋጁ ጋሼ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጁ የሚለው ነገር አለው» አሉ።

ተውፊቅ ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። ከመጋረጃው ወዲያ የሴቶቹ ድምፅ ሲቆም ሰማው።

«አጎቴ አባትህን አፉ በል ብለውኛል» አለ። «እናቴም ለምናኛለች። አልልም።»

አንድ ሁለት ሰው «አስተግፊሩላህ» አለ። ተውፊቅ ጠበቃቸው።

«አፉ የሚባለው የበደለ ሰው ነው። አባቴ ደስ የሚለኝን ነገር አይቶ ሰጠኝ። ወደቅሁ። ከወደቅሁ በኋላ ‹በቃህ፣ ተቀመጥ› ቢለኝ ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን ማርሹን በእጄ እንድቀይር የበር እጀታ አስሮ፣ ሞተሯን ለእግሬ እስክትስማማ ድረስ ሦስት ወር ሲያስበይድ ከረመ። እናንተ ያያችሁት የወደቅሁበትን ቀን ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው የኖርኩት። ዛሬ አፉ ብዬዋለሁ ካልኩ በድሎኛል ማለቴ ነው። አባቴ ላይ እንዲህ ብዬ አልመሰክርም።»

ሼኹ ወደ ተውፊቅ ዞሩ። «ስለዚህ በዓሊዪ ላይ ሐቅ አለኝ ትላለህ ወይስ የለኝም?»

«የለኝም።»

«ሐቅ የለኝም ያለ ሰው አፉ በል አይባልም» አሉ ሼኹና እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። «አሚን በሉ።»

ዳሱ «አሚን» አለ። ጋሼ ሙሄም አሉ፤ ዱዓው ሲያልቅ ግን ካጎነበሱበት ቀና አላሉም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚያ ጎረቤት በሚሰማው ሹክታቸው «የበር እጀታ ነው ያለው?» ብለው ቸሩን ጠየቁት። ቸሩም ምንጣፉ ላይ ጠጋ አለና ከመጀመሪያው ጀመረላቸው።

ተውፊቅ ወደ እናቱ ክፍል ገባ። ሴቶቹ ዕቃ ሊያጥቡ ወጥተዋል። ነጂባ ፍራሹ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። አጠገቧ ሲቀመጥ አላየችውም።

«አሳዘንኩሽ?»

«ምንም ሐቅ የለህም? ከልብህ?»

«ምንም።»

«እኔ ግን ነበረኝ» አለች።

ተውፊቅ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«ሴቶቹ አፉ ብለናል ሲሉ እኔ ከንፈሬን ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት። ሰባት ዓመት አብሬው ስበላ፣ አብሬው ስስቅ፣ እዚህ ውስጤ አንዲት ነገር አለች። አንተ ‹አፉ› ስትል የኔም አብራ ትወጣልኛለች ብዬ ነው የለመንኩህ። ለካ ባለሐቋ እኔ ነኝ። አንተ የለህበትም።»

ውጭ ቸሩ አንድ ነገር ተናግሮ ጋሼ ሙሄ ሲስቁ ተሰማ፤ ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሏቸው ዝም አሉ።

ልጇ ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ የነጂባ ዓይን ከጉልበቱ በታች ወርዶ አያውቅም። አሁን ጎንበስ አለችና ግራ እግሩን በሁለት እጇ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበች። አጥንቱ ተጣሞ የገጠመበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ፈለገችና አገኘችው።

«ያምሃል?»

«ሲበርድ ብቻ።»

«አሰብ መቼ በርዶ ያውቃል» አለች፤ እንባዋም ያን ጊዜ መጣ። ለተውፊቅ ሳይሆን ለግድግዳው፣ በሹክታ፣ «ዓሊዪ፣ አፉ ብዬሃለሁ» አለች።

ፈይዛ ውሃ ይዛ ገብታ ሁለቱን አየቻቸውና ጣሳውን በሩ ሥር አስቀምጣ ወጣች። ነጂባ እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች። እጇን ግን ከእግሩ ላይ አላነሳችም።