የጋሽ ዱባለ አስታማሚ

«የዱባለ አስታማሚ!»

ሰልሰቢል ኮሪደሩ ላይ ደግማ ተጣራች። ፔርሙዝና ሳህን ታቅፈው የተቀመጡት የበሽተኛ ዘመዶች ተያዩ እንጂ የተነሳ የለም። ተናዳ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። አዲሱን ነጭ ጋውን የለበሰችው ለዚህ አልነበረም። ዛሬ የነርሶች ቀን ነው፤ ምድር ቤት ወንበር ተደርድሯል፤ የሙያውን ታሪክ የምታቀርበው እሷ ነች። ነርስነት ትምህርት ቤት ሳይኖረው በፊት በገዳም እንደነበረ፣ «ሲስተር» የሚለው መጠሪያ ከመነኮሳት እንደመጣ፣ ሌላ እንጀራ ያጣች ሴት ብቻ የምትገባበት ንቀት የጠገበ ሥራ ሆኖ እንደቆየና በኋላ ሴቶች ተምረው እንዳስከበሩት፣ ሁሉንም በቃሏ ይዛዋለች። እሷም ብትሆን ሲስተር ካላሏት ዞር አትልም።

ጋሽ ዱባለ የእህል በረንዳ ተሸካሚ ናቸው። የጤፍ ጆንያ እንዳዘሉ ወድቀው ጭናቸው ከተሰበረ ወዲህ በጀርባቸው ተኝተዋል። ሽንታቸው ጠቁሮ ጠብታ ሆኗል፤ ውሃ ጠጡ ብትላቸው እሺ አይሉም። እልከኛ ሽማግሌ ብላቸዋለች፣ እየሰሙ። በዚህ ክሊኒክ መርፌው የነርስ፣ ማጠቡና ማንሳቱ የአስታማሚ ነው።

«ምነው ልጄ፣ በየቀኑ የሌለ ሰው ትጠሪያለሽ?» አለቻት ጠሂራ፣ አጠገባቸው ባሏን የምታስታምመው ቅመም ነጋዴ።

ሰልሰቢል ልጃቸው ከቡታጅራ እየመጣች እንደሆነ ራሳቸው እንደነገሯት መለሰች። ጋሽ ዱባለ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሰልሰቢል ወደ አልጋው ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ ውሃውን ለምንድነው የማይጠጡት?»

ለግድግዳው የሚነግሩት ይመስል፣ «ከጠጣሁ እሸናለሁ» አሉ። «ማን ያነሳኛል?»

ፊቷ ጋለ። ሰው እንደሌላቸው በየጠዋቱ በር ላይ ቆማ ለኮሪደሩ ስታውጅ የከረመችው እሷ ነች። እሳቸው ላለመዋረድ በጥም ሲደርቁ፣ እሷ ታች የምትናገረውን ታጠና ነበር።

የዝግጅቱ ሰዎች ከደረጃው ሥር ስሟን ጠሩ። ጠሂራ «ሂጂ፣ እኔ አነሳቸዋለሁ» አለቻት፤ ባሏን ካነሳች እሳቸውን ማንሳት አያቅታትም። ሰልሰቢል ግን ከአልጋው ሥር ፖፖውን አወጣች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ ብርጭቆውን ሞላች።

«ይጠጡ፤ እዚሁ ነኝ።»

ጋሽ ዱባለ አዲሱን ጋውን አዩት። ታች ያሉት እንደገና ጠሯት። አንገታቸውን ደገፈችላቸው፤ ጎንጨት አሉ። ግን አልዋጡትም። ውሃውን በጉንጫቸው እንደያዙ፣ ትታቸው ትሄድ እንደሆነ ዓይን ዓይኗን ያዩዋት ጀመር።