የባንዲራው ምዕራፍ

«ምዕራፍ ሰባትን ቆርጠሽ ጣይው አልኩሽ!» አለ ግዛቸው፣ ጨርቅ የሚለካበትን ብረት ከጠረጴዛው እያጋጨ። «እንደዚህ ሆኖ ማተሚያ ቤት አይገባም!»

«አንድ ቃል አልነካም» አለች ልጁ ሐዳሳ።

ሐዋሳ ፒያሳ ባለው የጨርቅ ሱቃቸው ውስጥ ከረፋዱ ጀምሮ ጭቅጭቁ ይኸው ነው። ሐዳሳ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሁለት ክረምት የጻፈችው ልብ ወለድ ከጦርነቱ በፊት በናዚ ጀርመን የምትኖር፣ ግሬታ የምትባል የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ታሪክ ነው። በምዕራፍ ሰባት አይሁዳዊው ጎረቤታቸው ሱቁን እንዳይሰብሩበት ብሎ እንደ ሌላው ሰው የናዚን ባንዲራ ይሰቅላል። የግሬታ አባት መሰላል አምጥቶ «ይሄ የእናንተ አይደለም» ይልና ያወርድበታል። በማግስቱ የሱቁ መስታወት ይረግፋል።

ግዛቸው ይህን ያነበበው ትናንት ነው።

«ሐዋሳ ቁጭ ብለሽ የበርሊን ነገር ምን አገባሽ?»

«በርሊን አይደለም።»

«አለመሆኑንማ አውቃለሁ! እኔን ነው የጻፍሽው። ደፋር ከሆንሽ ለምን ስሜን አልጠራሽም? ጀርመን ሄደሽ ተደበቅሽ!»

ይህችኛዋ ቃል ሐዳሳን ዘልቃ ተሰማቻት። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በዚያ የግርግር ሳምንት፣ በሩ ላይ ለምለም ዝንጣፊ ያንጠለጠለ ሱቅ አይነካም ነበር፤ ረብሸኞቹ ከእኛ ወገን ነው ብለው ያልፉታል። ጎረቤታቸው ዩኑስም ጫማ መሸጫው ላይ አንጠልጥሎ ነበር። ሐዳሳ በመዝጊያው ስንጥቅ ስታይ፣ አባቷ ዝንጣፊውን በጥሶ ጣለው። ሱቁ የዚያኑ ቀን ተቃጠለ።

የዩኑስ ልጅ አስማ ጓደኛዋ ናት። ዝንጣፊውን ነፋስ እንደጣለው ነው የምታውቀው። የሐዳሳን የእጅ ጽሑፍ በኮምፒውተር የጻፈችላትም እሷው ናት፤ ምዕራፍ ሰባት ላይ ስትደርስ «ምን ዓይነት አውሬ ነው!» ብላ አልቅሳ ነበር። ሐዳሳ ያን ቀንም እውነቱን አልነገረቻትም።

«ቀስ በሉ፣ ሰው ይሰማል» አለች እናቷ ታቢታ፣ ጣቃ እየጠቀለለች።

«ይስማ!» አለ ግዛቸው።

አስማ በሩ ላይ የደረሰችው ያኔ ነው። የታረመውን ረቂቅ በፌስታል ይዛለች። ግዛቸው ጀርባውን ሰጥቷታል። ሐዳሳ «አስማ መጣች» ብትል ይበቃ ነበር። አላለችም።

«እሺ፣ እኔ ፈሪ ነኝ። አንተ ንገረኝ አባዬ፣ ምን አደረግክ?»

«ምን ላድርግ ኖሯል? 'ይሄ ሱቅ የማን ነው?' አሉኝ። የእኛ ሰው ነው ብል አብረው ያቃጥሉኛል። አዎ! የዩኑስን ዝንጣፊ በገዛ እጄ በጥሼ ጣልኩት! አንቺ እንድትማሪ! ተምረሽ እንድትጽፊብኝ!»

ታቢታ በሩን አየችና ቶሎ ወደ ጣቃው አቀረቀረች።

አስማ ፌስታሉን በሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ አኖረችው። ሊንሸራተት ሲል ቀና አደረገችው።

አንዲት ሴትዮ «ይቅርታ እህቴ» ብላ በጎኗ አልፋ ገባች። «ለመጋረጃ የሚሆን ክሬም ቀለም አላችሁ?»

ግዛቸው ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ሞልቷል፣ ግቢ እናቴ።»

ታቢታ ጣቃውን አወረደች። ሐዳሳ ብረቱን ከጠረጴዛው አንስታ ለአባቷ አቀበለችው። አራት ሜትር ተለካ፣ ተቀደደ፣ ታጠፈ። ሴትዮዋ ጨርቁን በብርሃን ለማየት ወደ በሩ ስትዞር ደጃፉ ላይ ማንም አልነበረም።