ባዶ ጭንቅላት

ሞጣ ውስጥ በግብርና ባለሙያነት የሚሠራው አለበል እንቅልፍ ከራቀው ከርሟል። ጤና ጣቢያ ሲሄድ ከአዳማ ተመድባ የመጣችው ነርስ ትርሲት የደም ግፊቱን ለክታ፣ መድኃኒቱን ሰጥታ፣ በዚያ ላይ አንድ ምክር ጨመረችለት። ኮሌጅ እያለች ከአንድ ህንዳዊ መምህር የተማረችው ዮጋ ነው።

«ማለዳ ማለዳ ጭር ያለ ቦታ ይቀመጡ» አለችው። «ወገብዎን ያቅኑ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑና ትንፋሽዎን ብቻ ያዳምጡ። ሐሳብ ሲመጣ አይሟገቱት፣ አይከተሉት፤ ዝም ብለው ያሳልፉት። ቀስ በቀስ ጭንቅላትዎ ባዶ ይሆናል።»

አለበል ሳቁ ሊያመልጠው ነበር። እሱ ጭንቅላትህ ባዶ ነው ተብሎ ከቤት የወጣ ሰው ነው።

አባቱ የኔታ ገብረ ክርስቶስ በቢቸና ዙሪያ ስማቸው የተጠራ የቅኔ መምህር ናቸው። አለበልም በልጅነቱ እንደማንኛውም ተማሪ ቀን ጫካ ገብቶ፣ ተከናንቦና ዓይኑን ጨፍኖ አዲስ ቅኔ በልቡ ሲቆጥር ይውል ነበር፤ ማታ አባቱ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ያሰማል። የኔታ ገና ሳይጨርስ «ተበላሸ!» ይሉታል። አንድ ቀን ተማሪው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ «የዚህ ልጅ ጭንቅላት ባዶ ነው» አሉ። አለበል ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ትቶ አስኳላ ገባ። ከዚያ ወዲህ በዓመት በዓል ይጠያየቃሉ እንጂ ያንን ቀን አንዳቸውም አንስተውት አያውቁም። አባቱን ዛሬም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነው የሚላቸው።

ምክሩን ግን ሰማ። ቤቱ አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ጥዶቹ መሀል፣ ጋቢውን ተከናንቦ መቀመጥ ጀመረ። ትንፋሹን ያዳምጣል። የዝናቡ መዘግየት ይመጣል፤ ያሳልፈዋል። የመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ይመጣል፤ ያሳልፈዋል። ስብሰባውማ በውኑም ማንም ሳያዳምጠው ነው የሚያልፈው። ልክ ጸጥ ሊል ሲል ግን «ተበላሸ!» የሚል ድምፅ ይመጣና ቁጭ ይላል። ይኼኛው አያልፍም። ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣ ማታ ደግሞ እንቅልፉን ይዞበት ይሄዳል።

ሞጣ ደግሞ ጋቢ ተከናንቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጥድ ሥር የሚቀመጥ ሰው ምን እንደሚሠራ ማንንም አትጠይቅም። ታውቀዋለች። ቅኔ እየቆጠረ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎች እሱ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ በግ የሚነዳ እንኳ ዞሮ ያልፋል። የደብሩ ቄሰ ገበዝ ሽታሁን «የየኔታ ልጅ አይደል!» እያሉ ከተማውን አዳረሱ። አለበል ሊያስረዳቸው ሞክሮ ነበር።

«እኔ እኮ ምንም እያሰብኩ አይደለም» አላቸው።

«አይ ትሕትና!» አሉና ለደብሩ ዓመታዊ በዓል ቅኔ የሚያቀርበው እሱ እንደሆነ ቆረጡ። ከዚያም ሞባይላቸውን አውጥተው ቢቸና ደወሉ።

የኔታ በበዓሉ ዋዜማ ከአውቶቡስ ወረዱ። አርጅተዋል። አለበል ጉልበታቸውን ስሞ ቤቱ አስገባቸው። በራት ላይ ስለ ቅኔው አንድም ቃል አልተነፈሱም። ሲጨርሱ ከከረጢታቸው አዲስ ነጭ ኩታ አውጥተው «ለነገ ይሁንህ» ብለው ሰጡት። እኒህ ሰው አንድ ነገር በእጃቸው ይዘውለት ሲመጡ ይህ የመጀመሪያው ነው። እውነቱን ቢናገር ከቢቸና ድረስ ይዘውት የመጡትን ደስታ መንጠቅ ነው፤ ባይናገር ነገ በሕዝብ ፊት አፉን ይዞ ሊቀር ነው፣ እሳቸውም አብረውት ሊያፍሩ።

በበዓሉ ማለዳ ኩታውን ለብሶ ወደ ጥዶቹ ሄደ። የኔታ ተከትለውት መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«በል አሰማኝ» አሉት።

«የለም፣ የኔታ።»

«ምኑ?»

«ቅኔው። አልቆጠርኩም። እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ነርሷ ጭንቅላትህን ባዶ አድርግ ብላኝ፣ እሱን ስለማመድ ነው የከረምኩት።»

የኔታ ዱላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ባዶ?»

«ባዶ።»

«ታዲያ ተሳካልህ?»

«አልተሳካም።»

«ለምን?»

«እርስዎ እየመጡ።»

«እኔ? መጥቼ ምን እላለሁ?»

«‹ተበላሸ› ይላሉ።»

አለበል ቁጣውን ለመቀበል አንገቱን ደፋ። ቁጣ አልመጣም።

«ለልጁ ያዳላል እንዳልባል ነበር» አሉ የኔታ። ቀጥለውም «በል ተቀመጥ። ዓይንህን ጨፍን። ዛሬ እዚሁ ነኝ፤ አልናገርም» አሉት።

አለበል ተቀምጦ ጨፈነ። የኔታም ቃላቸውን ጠበቁ። አንድ ጊዜ ብቻ በዱላቸው ጫፍ ወገቡን ነካ አድርገው እንዲያቀና አስታወሱት።

ጥቂት ቆይቶ ቄሰ ገበዝ ሽታሁን ዲያቆናት አስከትለው እያለከለኩ ደረሱ።

«ቅዳሴው ሊያልቅ ነው! ይምጣ እንጂ!»

«አትረብሹት» አሉ የኔታ።

«ሕዝቡ እኮ ቅኔውን እየጠበቀ ነው።»

«ቅኔውን ዛሬ እኔ እቀኛለሁ። ልጄ ሥራ ላይ ነው። አትረብሹት አልኩ!»

ዱላቸው መሬቱን እየነካ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲርቅ አለበል ሰማ።

በትርሲት ትምህርት ከተሄደ ያን ቀን ጭራሽ አልተሳካለትም። ዓይኑ እንደተጨፈነ እንባው አዲሱ ኩታ ላይ ይወርዳል። ጭንቅላቱም ባዶ አልሆነም፤ የአባቱ ድምፅ እንደ ልማዱ መጥቶ ቁጭ ብሎበታል። «ልጄ ሥራ ላይ ነው፣ አትረብሹት» ይላል። አለበልም አላሳለፈውም።