ለእንግዳ የማይሆን

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የደጊቱን ቤት አዋቂ ካልመራው በቀር ማንም አያገኘውም ነበር። ታፔላ የለውም። ከእህል ወፍጮው ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ ገብቶ፣ የቆርቆሮውን በር አንኳኩቶ፣ "ማነው?" ሲባል ስምን መናገር ነው። ውስጡ አራት ጠረጴዛ ብቻ ነው ያለው። ግድግዳው ላይ ግን በጣውላ መደርደሪያ የዓሣ ጣሳ ተሰልፏል፤ ሰርዲን፣ ቱና፣ በቲማቲም የተዘፈዘፈ ማኬሬል፣ አልፎ አልፎም ሹፌሮች ከጅቡቲ የሚያመጡላት፣ መምህራኑ እየተወራረዱ የሚቀምሱት ቀንድ አውጣ የመሰለ የባሕር ሥጋ።

ደጊቱ ስምንት ዓመት ጅቡቲ፣ አንዲት የፈረንሣይ ሴት ቤት ወጥ ስትሠራ ኖራ በ1999 ዓ.ም. ነው ወደ አገሯ የተመለሰችው። ጣሳ ከፍታ ሳህን ላይ የምትገለብጥ ሴት አልነበረችም። ሰርዲኑን በሎሚና በተከተከተ ጤና አዳም ትለውሰዋለች። ቱናውን ከቀይ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ለብ ታደርገዋለች። ሰናፍጩን ራሷ ትፈጫለች፤ ዳቦው ትኩስ ካልሆነ ሰው አታስተናግድም። ወጣቶቹ "ጣሳ ቤት" የሚል ስም አወጡለት፣ እዚያ ያልበላም ፋራ ይባል ጀመር። ታፔላ ያልሰቀለችው ግን ለፋሽን ብላ አይደለም። በዐቢይ ጾም ዓሣ መብላት በዚያ አገር ያሳማል፤ ደንበኞቿም መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ስለሆኑ የንስሐ አባታቸው እንዲያይባቸው አይሹም።

ከጅቡቲ አንድ ሕግ ይዛ መጥታ ነበር። አሠሪዋ በመጀመሪያው ሳምንት ክዳኑ ያበጠ ጣሳ አሳይታት፣ "ይህ አይከፈትም፣ አይሸተትም፣ አይቀመስም። ይቀበራል" ብላታለች። ለምን ብላ ስትጠይቅም፣ "ሽታም ጣዕምም የሌለው መርዝ አለበት፤ ሰው ይገድላል" ነበር መልሱ። ከዚያ ወዲህ ደጊቱ እያንዳንዱን ጣሳ በአውራ ጣቷ ተጭና ሳትፈትን መደርደሪያ ላይ አታወጣም።

በ2003 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ አንድ ቅዳሜ ቀን፣ ታላቅ ወንድሟ ክንዱ ከቋሪት መጣ። ክንዱ ከወረዳው ከተማ ከገበዝ ማርያም የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ የሚኖር ገበሬ ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ስድስት ዓመት ሆኖታል። ያለችው አንዲት ልጅ አምለሰት ሽንዲ ተድራ፣ በኩሯን እንደ ደንቡ በአባቷ ቤት ልትወልድ መጥታ፣ ወንድ ልጅ ከተገላገለች ገና አሥራ አንድ ቀኗ ነበር።

"አያት ሆንኩልሽ፣ ደጊቱ!" አለ፣ በጓሮ በር ወደ ማድ ቤቱ እየገባ።

ደጊቱ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ቀና አደረጋት። ለአራሷ የሚሆን ስኳርና ሳሙና ቋጠረችለት። ቤቱ በዚያን ሰዓት በሰው ተሞልቷል፤ ማድ ቤቱን ከእንግዶቹ የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። ከመጋረጃው ማዶ፣ እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ያህል ቀርቦ፣ የጤና ባለሙያው ስሜነህ ከጓደኞቹ ጋር ይበላል። የምግብ ቤቶችን ንጽሕና የሚመረምረው እሱ ነው።

ወለሉ ላይ ስድስት ጣሳዎች ለብቻቸው ተቀምጠው ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ከአዲሱ ካርቶን የለየቻቸው ናቸው፤ ስድስቱም አብጠዋል።

"እነዚህስ ምነው ከመሬት ወደቁ?" አለ ክንዱ።

ደጊቱ መጋረጃውን አየች። "መርዝ" የሚለው ቃል ከአፏ ቢወጣ ስሜነህ ይሰማል። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ለእንግዳ አይሆኑም፣ ወንድምጋሼ። ከዚህ ያርቁልኝ።"

"ወዴት ላርቃቸው?"

"ወደፈለጉበት። ብቻ ሰው እንዳያይዎ።"

ክንዱ ፈገግ አለ። ቅኔ ቤት ባይገባም ሰምና ወርቅ እየሰማ ያደገ ሰው ነው። በእሱ አገር የሚሰጥ ሰው "እንካ ውሰድ" አይልም፤ ተቀባዩ እንዳያፍር ነገሩን ሸፍኖ ነው የሚናገረው። እኅቴ ለእንግዳ የማይቀርበውን ለቤተሰብ ሰጠችኝ ብሎ ገባው። ጣሳዎቹን በጋቢው ቋጠራቸው።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እኅቴ" አላት።

እሷ ለስኳሩ መሰላት። ወንዝ ዳር ይጥላቸዋል ብላ ሳህን ይዛ ወደ እንግዶቿ ገባች። ስትመለስ ክንዱ የቋሪት መኪና እንዳያመልጠው ሄዷል።

ረቡዕ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። የክንዱ ጎረቤት ነው። "አምለሰት ታማለች። ዓይኗ አልገለጥ ብሏል፤ ድረሺ።"

ደጊቱ በሩን ቆልፋ ሄደች። ስትደርስ ቤቱ በሰው ተጨናንቋል፣ ቄሱ ዳዊት ይደግማሉ። አምለሰት መደብ ላይ ተንጋላለች። የዓይኖቿ ቆብ ወርዶ ልትገልጠው አልቻለችም። ልናገር ስትል ድምጿ በአፍንጫዋ ይወጣል፣ ቃሉም አይለይም። ልቧን ግን አልሳተችም፤ ደጊቱ እጇን ስትይዛት የአክስቷን ጣቶች ጨበጠች። ሕፃኑ በሌላ ሴት እቅፍ ያለቅሳል።

ክንዱ አምለሰትን ቀና አድርጎ ጠበል ሊያጠጣት ይሞክራል። መዋጥ ተስኗት ጠበሉ በአገጯ ይፈሳል። ደጊቱ ጠበሉ የተቀዳበትን ዕቃ ያየችው ያኔ ነው። ቀይ ዓሣ የተሳለበት፣ ተጥቦ የጸዳ ጣሳ።

"ይህ ከየት መጣ?" አለች።

"አንቺው የሰጠሽኝ ነዋ።"

"ስንቱን በላች?"

"ሁለቱን። እኔ ጾመኛ ነኝ፣ አልነካሁም። አራስ ናት፣ ይጠግናታል ብዬ በእጄ አጎረስኳት።"

ደጊቱ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ቃል ነው። "ሐኪም ቤት እንውሰዳት። አሁኑኑ።"

ስምንት ሰዎች በቃሬዛ ተሸከሟት። ደጊቱ ከጎን እየሮጠች የአምለሰትን ደረት ታያለች፤ ከፍ ዝቅ ማለቱ በየዳገቱ እያነሰ ሄደ። ገበዝ ማርያም ሳይደርሱ ቆመ። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን አውርደው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳቡት።

በነጋታው ቀበሯት። ደጊቱ የቀሩትን አራት ጣሳዎች ከጎተራው ሥር ፈልጋ አገኘች፤ ከጓሮ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረቻቸው። ለማንም አልተናገረችም።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ላይ ሴቶቹ ስለ ማሚቱ ሲያወሩ ሰማች። ማሚቱ ከወንዙ ማዶ ለብቻዋ የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። እሑድ ዕለት ለአራሷ የአጥሚት ማሰሮ ይዛ መጥታ፣ ሕፃኑን አይታ "እንዴት ያለ ልጅ ነው!" ብላ ነበር። በማግሥቱ አምለሰት ታመመች።

"በልታታለች" አለች አንዷ። "ቡዳ መሆኗን ማን አጣው?"

ወንዶቹ ከዋርካው ሥር ተሰብስበዋል። ዱላና መጥረቢያ የያዙ አሉ። ቤቷን አቃጥለው ሊያባርሯት መክረዋል፤ የቀረው የሟች አባት ቃል ነው። ክንዱም ከመቀመጫው ተነሥቶ ዱላውን ሲያነሣ ደጊቱ አየችው።

ብትናገር ወንድሟን በቁሙ መቅበሯ ነው። ዝም ብትል ደግሞ አንዲት ምስኪን ሴት ቤቷ ተቃጥሎ ትባረራለች። ሄዳ ክንዱን ወደ አጥሩ ጥግ ሳበችው።

"ወንድምጋሼ፣ ማሚቱን ይተዉዋት።"

"ልጄን በልታት?"

"እሷ አይደለችም። ጣሳው ነው። ያበጠ ጣሳ መርዝ አለበት።"

ክንዱ ዱላውን ዝቅ አደረገ።

"መርዝ መሆኑን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር። ይጥሏቸዋል ብዬ ነው ያርቁልኝ ያልኩዎ።"

"ታዲያ ምነው መርዝ ነው ብትይኝ?"

"እንግዶች ነበሩ። እንዳይሰሙ ፈርቼ።"

ቀኝ እጁን አነሣና መዳፉን ተመለከተ፣ ከዚያ በጋቢው ሸፈነው። ጥሏት ወደ ወንዶቹ ሄደ።

"ማሚቱን ማንም እንዳይነካ" አለ። "ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ አብልቼ።"

ሰዎቹ ተያዩ። "ኀዘን አናውዞት ነው" አለ አንዱ። "ቡዳዋ አፍዝዛው ነው እንጂ!" አለ ሌላው፤ ጥቂቶችም ወደ ወንዙ መውረድ ጀመሩ። ክንዱ በአቋራጭ ቀድሟቸው የማሚቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። የሟች አባት የተቀመጠበትን ቤት ማን ይለኩሳል? እያጉረመረሙ ተመለሱ። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ከዚያ አልተነሣም፤ በማግሥቱም መጥቶ ተቀመጠ።

በሦስተኛው ቀን ማሚቱ በሩን ከፈተች። ዕቃዋን ጠቅልላ ተሸክማለች።

"እግዜር ይስጥዎ" አለችው። "ዛሬ አንቱ ደጄን ጠበቁልኝ። ነገስ?"

ክንዱ ከደጃፉ ተነሣላት። ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ብቻዋን ስትሄድ አያት።

ደጊቱ ፍኖተ ሰላም እንደተመለሰች ስሜነህን ፈልጋ ሁሉን ነገረችው። ስሜነህ አንገቱን ደፍቶ ሰማት።

"ያን ቀን ብትነግሪኝ" አለ በመጨረሻ፣ "እኔው ወስጄ አስወግድልሽ ነበር። ሥራዬ እኮ ነው። በጣሳ ማበጥ አንቺን ማን ይከስሻል?"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላለቀሰችም ነበር።

ጣሳ ቤት ከዚያ በኋላ አልተከፈተም። ደንበኞቹ ጥቂት ቀን በሩን አንኳኩተው ተዉት።

ሕፃኑን የአባቱ ዘመዶች ሽንዲ ወስደው፣ የአባቱ እኅት ከልጇ ጋር ታጠባው ጀመር። አርባ ቀኑ ሞልቶ ሊጠመቅ ሲል ደጊቱ ወንድሟን ልትወስድ ቋሪት ሄደች። ክንዱ እርሻ ላይ ነበር፤ ከበሬዎቹ ዓይኑን አላነሣም።

"ሂጂ አንቺ" አላት። "እኔ ሕፃን አልይዝም።"

ብቻዋን ሄደች። ከክርስትናው በኋላ፣ ደረሰ የሚባለው የሕፃኑ አባት ልጁን አምጥቶ እቅፏ ውስጥ አኖረላት። "የእናቱን ዓይን ነው የወረሰው" አላት። ስለ ጣሳው እስካሁን የነገረው ሰው የለም፤ ምጥ ያመጣው በሽታ ነው ብሎ ያምናል።

ደጊቱ ነገረችው። ጣሳውን፣ መጋረጃውን፣ ያለችውንና ያላለችውን፣ አንድም ሳታስቀር።

የደረሰ ፊት ዓመድ መሰለ። ልጁን ከእቅፏ ቀስ አድርጎ ወሰደው።

"ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥልኝ" አላት። "ከእንግዲህ ግን ወደዚህ ቤት አትምጪ።"

የደረሰ እናት እህል ሳትቀምስ አትሄድም ብለው ተነሡ፤ ደረሰ በእጁ ከለከላቸው። ደጊቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ የቡሬ መኪና እስኪመጣ ድረስ መንገዱ ዳር ቆመች።