የበሩ ሰዓት ያዥ

ጫካው አላልቅ አላት። ሥሩ እያደናቀፋት፣ ጭቃው ጫማዋን እየያዘ እያስቀራት፣ "አይዞሽ፣ ደርሰሻል" ትላለች ለራሷ፣ አለመድረሷን እያወቀች። ዕድሜዋን ሙሉ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት። እግሯ መቆም ለምዶ መሮጥ ከረሳ ቆይቷል፤ ቆሞ መዋልን ደግሞ ማን ልምምድ ብሎ ይቆጥረዋል?

በልጅነቷ ሯጭ ነበረች፣ ያውም ፈጣን። እናቷ ስትሞት የሩጫ ጫማዋን ሰቀለችና ታናሽ ወንድሟን ማሳደግ ያዘች። አሳደገችውም። አምና በጠና ታማ አልጋ ላይ ሳለች አንድ ነገር ብቻ አማራት፤ ይህን ተራራ በእግሯ ወጥታ ከበሩ ማዶ ባለው የአበባ መስክ ቁልቁል መሮጥ። በሩ የሚሉት በተራራው ሁለት ጫፎች መሐል ያለውን መሻገሪያ ነው። በዛሬው የሩጫ ውድድር እዚያ የሰዓት ገደብ አለ፤ ያረፈደ ሯጭ የደረት ቁጥሩ ተቆርጦ በመኪና ይመለሳል።

ሰዓት ያዡ ደግሞ ያው ወንድሟ ነው።

ከጫካው ስትወጣ ሁለት ጎረምሶች ከፊቷ በሩ ላይ ደርሰዋል። "ሰዓት አልፏል" ሲላቸው ከታች ሆና ሰማችው። ለመኑት፤ አንደኛው ማልቀስም ቃጣው። ወንድሟ ግራ ቀኙን አየና "በሉ እለፉ፣ ቶሎ!" አለ። እየሳቁ ቁልቁል ነጎዱ። ደስ አላት። ለእነሱ ከራራ ለእኔማ ብላ የቀራትን ጉልበት አሟጣ ሮጠች።

"እታለም፣ በቃሽ" አላት እጁን ዘርግቶ። መቀስ ይዟል።

"ቀልዱን ተውና አሳልፈኝ።"

"ሰዓቱ አልፏል።"

"እነዚያንስ?"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እነሱን ማን ያውቃቸዋል? አንቺን ባሳልፍ ግን እህቱን አሳለፈ ይሉኛል። ሰው ምን ይለኛል?"

ከትከሻው በላይ መስኩ ይታያታል፤ ቢጫውና ወይን ጠጁ አበባ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። አንድ ትንፋሽ ቢሮጡ የሚደረስበት ነው። ግን አልለመነችውም። ለእሱ ስትለምን ኖራለች፤ ትምህርት ቤት እንዲያስገቡት፣ ሥራ እንዲቀጥሩት የሰው ደጅ ጠንታለች። ለራሷ መለመን ግን አታውቅበትም።

የደረቷን ቁጥር ቆረጠው። ይህን ጊዜ የውድድሩ አስተባባሪ በሩ አጠገብ ካለው ድንኳን ብቅ አለ።

"እህትህ አይደለችም እንዴ?"

"ናት።"

"ሰው ማለት እንዲህ ነው! ለእህቱ እንኳ የማያዳላ!" ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

የወንድሟ ፊት ፈካ። ልጅ ሳለ ሲያመሰግኑት እንዲሁ ነበር የሚፈካው፣ ያኔ ትወድለት ነበር። አሁን በጥፊ ልታጮለው አማራት። ላቧን ጠረገችና ወደ መኪናው ሄደች።

መኪናው በመጣችበት ጫካ መልሶ ይዟት ወረደ። ሾፌሩ በመስታወቱ አያት።

"ያንን ሰዓት ያዥ ያውቁታል እንዴ? እስክንሰወር ድረስ ሲያይዎት ነበር።"

"ባላውቀው ኖሮ ያሳልፈኝ ነበር" አለችው።

ሾፌሩ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ።