ከስምንት በኋላ

«ኧረ ተቀመጪ! ማን ነው ቁሚ ያለሽ?» አለች አክስት፣ የእህቷን ትከሻ ወደ ሶፋው መልሳ እየተጫነች።

እናት ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኗ ነው። በነዚህ ቀናት በራሷ ተነስታ አታውቅም። ሁለት ለቅሶ ደራሾች ብብቷን ይዘው ያነሷታል፣ ሁለት ሌሎች ያስቀምጧታል። መታጠቢያ ቤት እንኳ የምትሄደው እንደ ቁም ሳጥን ተይዛ ነው።

ልጅቷ በሩ አጠገብ ቆማ የእናቷን ግራ እግር ታያለች። ስትሮክ የመታው እግር ነው። አባቷ ሰባት ወር ለፍቶ፣ ባለፈው ሳምንት ያለ ምርኩዝ ኮሪደሩን አስጨርሶት ነበር። «ሦስት ቀን የተኛ እግር የወር ልፋት ይበላል» ይል ነበር። ዛሬ ሦስት ሞላው።

አባት ፊዚዮቴራፒስት ነበር። ሠላሳ ዓመት የሠራው ሊፍቱ በተበላሸ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። «እኔ ጋ የደረሰ በሽተኛ ግማሹን ድኗል» እያለ ይቀልድ እንጂ፣ ምኞቱ ምድር ቤት ያለች፣ በሯ ሰፊ የሆነ አንዲት ክፍል ነበረች። ያቺን ክፍል ፍለጋ ሲዞር ልቡ ቆመ።

ቤት ውስጥ እናትን ሲያስኬዳት ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ ነበር። «ጨካኝ! ልወድቅ እኮ ነው፣ ያዘኝ!» ትለው ነበር። «ኪስ ባይኖረኝ በሽተኞቼን ሁሉ ደግፌ እጨርሳቸው ነበር» ይላት ነበር።

ከለቅሶ ደራሾቹ አንዱ፣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሻዩን አስቀመጠ። ወገቡን ያዳኑለት ሟች ናቸው።

«ይቅርታ ይደረግልኝና… እናንተስ ላይ ስምንትን ይደጋግሙባችሁ ነበር?»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«እንቅስቃሴውን አሥር ጊዜ ብቻ ሥራ ይሉኝ ነበር» አለ ሹፌሩ። «ከዚያ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት… ስምንት… ስምንት። ሐኪሙን ቁጥር አይችሉም ልበላቸው?»

«እኔም ላይ!» አለች አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ከጥግ። «የሒሳብ አስተማሪ ነኝ እኮ! በይሉኝታ ዝም አልኩ።»

መጀመሪያ የሳቀችው እናት ናት።

«እኔን ስምንት ላይ አሳድሮኛል» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

ልጅቷ መጥታ ፊቷ ቆመች። «እማዬ፣ ተነሺ።»

«አብደሻል እንዴ?» አለች አክስት። «ሐዘን ላይ ናት!»

«ዛሬ ካልተነሳች ነገ እግሯ እሺ አይላትም፣ አክስቴ። ተያት።»

እናት የእህቷን እጅ ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብላ አወረደች። ወደ ሶፋው ጫፍ ተንሸራተተች፣ ወደ ፊት አጎነበሰች፣ ተነሳች። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ከወንበሩ ግማሽ ብድግ አለ።

«አንድ» አለች ልጅቷ፣ ወደ በሩ የኋሊት እየሄደች። «ሁለት።»

ስድስት ላይ ግራው እግር ተጎተተ። ሰባት ላይ ቀና አለ።

«ስምንት» አለች ልጅቷ። እናት ረገጠች። «ስምንት።»

እናት ቀና ብላ አየቻት። «አንቺም?»

እናት ዘንበል አለች። የልጅቷ ቀኝ እጅ ሊይዛት ወጣ፤ ሳይነካት መልሳ ከግራው ጋር ሹራቧ ኪሶች ውስጥ ከተተችው።

«ስምንት» አለች።