ሠላሳ ሦስት በልና ጨርስ

ባልደረቦቹ «ጠብታ» ይሉታል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ ፈሳሽ ላይ አፍጥጦ የኖረ ሰው ሌላ ምን ሊባል ኖሯል? ፈሳሿ ኔማቲክ ትባላለች፤ በካልኩሌተርና በቴሌቪዥን መስታወት ውስጥ ካሉት ፈሳሽ ክሪስታሎች ወገን ናት። ሞለኪውሎቿ እንደ ቀጫጭን ዘንግ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ጋደም ይላሉ፤ ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ደግሞ አለቃ እንደገባበት ቢሮ ብድግ ይላሉ። ጠብታ ለኤሌክትሪክ ያላቸውን ጠባይ ተኝተው ሳሉ ይለካል፣ ቆመውም ይለካል። ቆመው ዐሥራ ስምንት፣ ተኝተው ሰባት። ሥራው ይኸው ነው።

ታዲያ ይህ ሰው የሚያገባት ልጅ አገኘ። ልጅቷም ወዳዋለች፤ ችግሩ ያለ አባቷ ፈቃድ አላገባም ማለቷ ነው። አባትየው የወተት መርማሪ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት በወተት ፋብሪካ በር ላይ ቆመው፣ ወተቱን በውሃ የበረዘውን ሁሉ አንገቱን እያስደፉ መልሰዋል። ጡረታ ቢወጡም መርማሪነቱ አልወጣላቸውም። ከዚህ በፊት ልጃቸውን የጠየቁ ሁለት ጎረምሶችን አንድ አንድ ሻይ አጠጥተው «የተበረዙ ናቸው» ብለው ሸኝተዋቸዋል። አሁን ተራው የጠብታ ነው። ልጅቷ አባቷ ያላዩትን እንደማያምኑ ነግራው፣ የሚሠራባትን ፈሳሽ ይዞ እንዲመጣ መከረችው።

ይዞ መጣ። ጣት በምታክል ብልቃጥ አድርጎ፣ እንዳትሰበርበት ከኮቱ ሥር የሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ ከተታት። ረፍዶበት ስለነበር ዐቀበቱን በሩጫ ነው የወጣው። የዚችን ፈሳሽ ጠባይ ስድስት ዓመት ያጠና ሰው እሷን ደረቱ ላይ ለጥፎ መሮጡ፣ እንግዲህ ፍቅር አእምሮ ያሳጣል ከማለት በቀር ምን ይባላል።

ሳሎን ተቀምጦ ሻይ እንደቀረበለት፣ ፈሳሿ ልክ ወተት እንደምትመስል አስቀድሞ ተናገረ። ወተት ሲባል የመርማሪው ጆሮ ቆመ። ጠብታ በኩራት ብልቃጧን አወጣ። ኩልል ያለች ውሃ ሆና ወጣች።

መርማሪው ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አገላበጧት። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉና ለሚስታቸው አቀበሏቸው። ወተት ላይ ውሃ የሚጨምር አጭበርባሪ ሞልቷል፤ ወተቱን ጨርሶ ውሃ አድርጎ የመጣ ግን በሠላሳ ዓመት አልገጠማቸውም። የሻይ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ነገሩ አልቋል ማለታቸው ነው።

የእናትየው እጅ ግን ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው። ብልቃጧን ጨብጠው ትንሽ እንደቆዩ፣ ይሄ ምኑ ነው ውሃ፣ ወተት ነው እንጂ አሉ። ባልየው ሻይ ባሞቀው እጃቸው ተቀበሏቸው፤ ጥቂት ቆይታ መልሳ ጠራች። ውሃ ነው አሉ። ሚስትየው ነጠቋቸው፤ ወተት ነው አሉ። ባልና ሚስቱ በትዳር ዘመናቸው ያልተከራከሩበት ነገር ባይኖርም፣ ሁለቱም እንዲህ ማስረጃቸውን በእጃቸው ጨብጠው ተከራክረው አያውቁም።

ጠብታ ይኼኔ ነቃ። ነገሩ የሙቀት ነው አለ። ስትሞቅ ሞለኪውሎቿ ሰልፋቸውን ያፈርሱና ሁሉም ወደየፊናው ይዞራል፤ ያኔ ትጠራለች። ስትቀዘቅዝ መልሰው ይሰለፋሉ፤ ያኔ ወተት ትመስላለች። እሱ ደግሞ በጋለ ደረቱ አቅፏት ነው የመጣው።

«በስንት ዲግሪ?» አሉ መርማሪው።

«በሠላሳ አምስት።»

ሰውየው ተነሥተው ከመኝታ ቤት ቴርሞሜትራቸውን ይዘው መጡ። በፋብሪካው በር ላይ ሲሠሩባት የኖሩት እሷ ናት፤ ከነቆዳ ማኅደሯ በስጦታ ሰጥተው ነው ያሰናበቷቸው። ብልቃጧንና ቴርሞሜትሯን ውሃ በያዘ ብርጭቆ ነክረው፣ ሙቅ ውሃ በማንኪያ ይጨምሩ ጀመር። ጨመሩ፣ ጨመሩ፣ ጠራች። ሠላሳ ሦስት። አቀዝቅዘው ደገሙት፤ ሠላሳ ሦስት። ሦስተኛም አደረጉት።

«ሠላሳ ሦስት ነው፣ ልጄ» አሉ በደግ ድምፅ። ልጄ ሲሉት የመጀመሪያቸው ነው። «ስድስት ዓመት ተሳስተሃል፤ ምንም አይደል፣ ሰው ይሳሳታል። ሠላሳ ሦስት በልና ጨርስ።»

ልጅቷ ከአባቷ ጀርባ ቆማ «በል፣ በል» በሚል ዐይን ትለምነዋለች። ጠብታም ማለት ፈልጎ ነበር። ሁለት ዲግሪ ምን ቁም ነገር አላት? ነገር ግን የዐሥራ ስምንቱና የሰባቱ ልዩነት ድራሹ ሲጠፋ ያየው በሠላሳ አምስት ነው፤ አንዴ ሳይሆን ከመቶ ጊዜ በላይ። አፉን ቢከፍትም ሠላሳ ሦስት አልወጣ አለው።

«ቴርሞሜትርዎ ናት የተሳሳተችው፣ አባቴ» አለ። «ሁለት ዲግሪ ታሳንሳለች። በረዶ ውስጥ ብናስገባት ዜሮ ማለት ነበረባት።»

ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። የመርማሪው የግንባር ሥር ተገታተረ። ከዐሥር ዲግሪ በላይ የሞቀ ወተት በዚያ በር አያልፍም ነበር፤ ዳኛዋም ይህችው ቴርሞሜትር ነበረች። እናትየው ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ ከፍሪጅ በረዶ አምጥተው ብርጭቆው ላይ ገለበጡት። አራቱም አጎንብሰው ጠበቁ። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ቴርሞሜትሯ ወረደች፣ ዜሮን አለፈች፣ ከዜሮ በታች ሁለት ላይ ቆመች።

ዐሥር ነው ተብሎ የገባው ወተት ሁሉ ዐሥራ ሁለት ነበር ማለት ነው።

«ለካ ከፋብሪካው የምናመጣው ወተት በማግስቱ ይኮመጥጥብን የነበረው ለዚህ ነው» አሉ እናትየው። «ስነግርህ ፍሪጁ ነው አልከኝ። ሁለት ፍሪጅ ቀየርን።»

መርማሪው ቴርሞሜትሯን ጠርገው ማኅደሯ ውስጥ መለሷት። ከፋቸው፤ መክፋታቸውንም አልደበቁም። «እዚያ በር ላይ የሚመጣው ሁሉ ከእኔ የሚፈልገው ነገር ነበረው» አሉ። «ለጠራሁት ቁጥር ሁሉ ልክ ነዎት ይለኝ ነበር። አንተም እኮ የምትፈልገው ነገር ነበረህ።»

«አሁንም እፈልጋለሁ» አለ ጠብታ።

ሰውየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ያልተበረዘ ነው» አሏት። ልጅቷ እጇን ከፊቷ አነሣች። ወዲያው ግን አባትየው ጣታቸውን ወደ ጠብታ ቀሰሩ፤ «አዲስ ቴርሞሜትር የምትገዛልኝ ግን አንተ ነህ» አሉት።

በማግስቱ ጠዋት ገዝቶ አመጣላቸው። አማቹ ያመሰገኑት መጀመሪያ በረዶ ውስጥ ነክረው ካዩት በኋላ ነው።